ጋቢ የለበሰው ቴሌቪዥን

ጋሽ ኪዳነወልድ ሞተው በተገኙበት ጠዋት ቴሌቪዥናቸው ስለ ስንዴ ዋጋ ያወራ ነበር። የሚሰማው አልነበረም። ሽማግሌው በወንበራቸውና በብፌው መካከል በጀርባቸው ተዘርግተዋል፤ ከጆሯቸው ኋላ የፈሰሰው ደም ረግቷል፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ርሷል፤ አጠገባቸው የውሃ ጆግ ተጋድሟል። ብፌው ላይ የቆመው ሰፊ ስስ ቴሌቪዥን ደግሞ የሟቹን ጋቢ ከላይ እስከ ታች ተከናንቦ፣ በታፈነ ድምፅ ወሬውን ቀጥሏል።

ኢንስፔክተር በላይነሽ በሩ ላይ ቆማ ይህን ስታይ የራሷ ቤት ታወሳት። እሷም ከሥራ ገብታ መጀመሪያ የምታደርገው ቴሌቪዥን ማብራት ነው። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ቤቷ ውስጥ «እንደምን አመሸሽ» የሚላት ከዜና አንባቢው በቀር ሰው የለም። እኔስ ብወድቅ ማን ይደርስልኛል አለች በልቧ፤ ከዚያም ለራሷ ማዘኑን ለሌላ ጊዜ አቆይታ ገባች።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ኮንስታብል ይርጋ። ይርጋ ነገር ቶሎ የሚገለጥለት ሰው ነው፤ አንዳንዴም ነገሩ ከመሆኑ በፊት ይገለጥለታል። «ወለሉ ውሃ ነው። ሶኬቱ ይኸው። ሰውዬው በእርጥብ እጃቸው ሊነቅሉ ሲሉ ኤሌክትሪክ ያዛቸው፤ ሲወድቁ የብፌው ጠርዝ ጨረሳቸው። ቴሌቪዥኑን የገጠመላቸውን ልጅ ይዘነዋል።»

«ማንን?»

«ታጁን ነዋ፣ ዲሽ ሠሪውን። ማታም እዚህ ግቢ ታይቷል።»

በላይነሽ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። ስክሪኑ ላይ የፋብሪካው ላስቲክ ገና አልተላጠም። ሪሞቱም በላስቲክ እንደተጠቀለለ የወንበሩ ክንድ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ የሚለብሰው ዳንቴል በሥርዓት ታጥፏል። ጋቢውን ሳትነካ ጎንበስ ብላ አየችው። ከላይ ጠርዙ ላይ በግራና በቀኝ፣ ልክ እጅ በሚጨብጥበት ቦታ፣ በውሃ የቀጠነ የደም እድፍ ደርቆበታል።

«ይህን ጋቢ እዚህ ያደረገው ማን ነው፣ ይርጋ?»

«ሟቹ ናቸዋ። ከአቧራ ሊከልሉት።»

«እየበራ?»

ይርጋ ትንሽ አሰበ። «ሽማግሌ አይደሉ?» አለ።

አስከሬኑን ያገኘው ብሩክ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ ከሐዋሳ መጥቶ የጋሽ ኪዳነወልድን ሰርቪስ ክፍል የተከራየ ወጣት። የእሱ አልጋና የሟቹ ብፌ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ።

«ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ሥር ሲያወራ አደረ» አለ። «ስንት ጊዜ ለመንኳቸው። ‹ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት› ስላቸው ‹አንተ መጽሐፍህ አለልህ፣ እኔ ምን አለኝ?› ይሉኛል። ማታ ራሴን በትራስ አፍኜ ተኛሁ። ጠዋት የገባሁትም...» አቀረቀረ። «ልቆጣቸው ነበር የገባሁት።»

«ማታ ማን መጣ?»

«ፍሬሕይወት፣ የእህታቸው ልጅ፣ ዳቦ አድርሳ ወደ ፈረቃዋ ሄደች። ቀጥሎ ታጁ መጣ፤ ነፋሱ ዲሹን አዙሮት ጣሪያ ላይ ወጥቶ አስተካከለ። ከዚያ ወዲያ አላየሁም። የዚህ የጠባሴ ሰፈር ብርድ በር አያስከፍትም።»

«ወዳጅ የላቸውም ነበር?»

«ጋሽ ወልደ ሰንበት፣ እዚያ ማዶ። ድሮ አይለያዩም ነበር አሉ። ቴሌቪዥኑ ከገባ ወዲህ ግን እዚህ አይቻቸው አላውቅም።»

ፍሬሕይወት ከፋብሪካ የሥራ ልብሷ ላይ ጥቁር ነጠላ ጣል አድርጋ መጣች። ቤቱ ከእንግዲህ የእሷ ነው፤ ይህን ሰፈርተኛው ሁሉ ከእሷ ቀድሞ አስቦታል።

«ቴሌቪዥኑን የገዛሁላቸው እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ፈረቃ እገባለሁ፣ ተመላልሼ ልጠይቃቸው አልቻልኩም። ቤቱ ውስጥ ድምፅ ይኑራቸው ብዬ ነው። ለእኔ ምትክ ነው የላክሁት፣ እትዬ፤ እሱው ፈጀብኝ!»

«ሪሞቱን ማን አስተማራቸው?»

«እኔ። ቀይዋን ብቻ አስጠናኋቸው። ማብሪያም ማጥፊያም እሷ ናት።»

«ሲገጠም ነበርሽ?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ። ታጁና ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ።»

የፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ምሳ ዕቃ ታቅፋ ቆማለች። የታጁ ሚስት ሀፊዛ ናት፤ ከቆላው ከአልዩ አምባ በትዳር የመጣች፣ የደጋውን ብርድ ገና ያልለመደች።

«እትዬ፣ አላህ እውነቱን ያሳይዎት» አለች። «የእሱ እንጀራ ያለው በየሰው ቤት ነው። ሰው ገደለ ከተባለ ማን በሩን ይከፍትለታል?»

በላይነሽ ምሳ ዕቃውን ተቀብላት ወደ ውስጥ ገባች። ታጁ በሠልስቱ ማግስት ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው፤ ይርጋም «በቸልተኝነት ሰው መግደል» የሚለውን ቃል አፉ ላይ አጣፍጦታል።

ታጁ ተናዶ ነበር። «ወላሂ፣ እኔ ስገጥም አልቸኩልም! ከኋላ ትኩሳቱ እንዲወጣለት ከግድግዳው አራቅኩት። እንዳይወድቅ ከብፌው ጋር በብሎን አሰርኩት። ምድጃ ከሚሰካበት ጋር እንዳይዳበል የራሱን ሶኬት ሰጠሁት። እየበራ ጨርቅ አይጣልበትም፣ ይግላል ብያለሁ። በእርጥብ እጅ ገመዱንም ሶኬቱንም እንዳትነኩ፣ ከያዘ አይለቅም ብዬ አስፈራርቻቸዋለሁ።»

«ማንን ነው ያስፈራራኸው?»

«ሁለቱንም። ጋሽ ኪዳነወልድ ሳቁብኝ። ጋሽ ወልደ ሰንበት ግን ሪሞቱን ልሰጣቸው ብል እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ‹እኔ ከዚህ ጋር ጉዳይ የለኝም› አሉኝ።»

የመብራት ባለሙያ መጥቶ መስመሩን መረመረ። ሶኬቱ ደረቅ፣ ገመዱም ደህና ነበር። ሐኪሙ ሞቱ ከጭንቅላቱ ምት መሆኑን ነገራት፤ ስለ ኤሌክትሪኩ ግን «ምልክት አላየሁም፣ የለም ብዬ መማል ግን አልችልም» አለ። ይርጋ የወሰደው ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ነው። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ ይርጋ ግን ከመሀል መጠጣት ይወዳል።

ከቀብር መልስ በላይነሽ ማዶ ተሻገረች። ጋሽ ወልደ ሰንበት ቃሬዛውን ለማንም ሳይለቁ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ተሸክመዋል ተብላለች፤ አሁን ትከሻቸውን እያሻሹ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት አሉ። መሀላቸው ባለ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አንድ ነገር በነጠላ ተሸፍኗል።

«ምንድን ነው እሱ፣ አባባ?»

«ሬዲዮ ነው።»

«ተበላሽቶ ነው?»

«ምን ይበላሻል! ሐዘን ላይ አይደለሁም እንዴ? ሬሳ ከወጣ ዘፈንም ወሬም አይሰማም፤ ይዘጋል፣ ይሸፈናል። እናንተ የዛሬዎቹ ይህንንም ተዋችሁት?»

«አልተውንም» አለች በላይነሽ። ነጠላውን ትንሽ ቆይታ አየችው። «ቴሌቪዥኑን አይወዱትም አሉ።»

«ሰውን ከሰው የሚለይ ነገር ምን ይወደዳል? ሚስቶቻችን ከሞቱ ወዲህ ማታ ማታ እዚህ መጥቶ ዜና እንሰማለን፣ ግማሹን እንሰድበዋለን፣ ስቀን እንለያያለን። ያ ነገር ከገባ ወዲህ አንድ ማታ እንኳ አልመጣም። ወንበሩ ይኸው።»

«እርስዎስ አልሄዱም?»

«አልሄድኩም» አሉ፤ ያሉት ግን ለግድግዳው ነው።

በሠልስቱ ቀን ለቀስተኛው ከድንኳኑ ሲበተን በላይነሽ አራቱን ሰዎች ሟቹ ወደ ወደቁበት ክፍል ጠራቻቸው። ብሩክ መስኮቱ ሥር ቆመ። ፍሬሕይወት ብፌውን ላለማየት ወደ በሩ ዞራ ተቀመጠች። ጋሽ ወልደ ሰንበት ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቆሙ። ታጁን ይርጋ ይዞት ገባ፤ ሀፊዛም ማንም ሳይጠራት ተከትላ ደፉ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ኪዳነወልድን ኤሌክትሪክ አልገደላቸውም» አለች በላይነሽ። «ይህን የነገረኝ ጋቢያቸው ነው። ላዩ ላይ ሁለት የእጅ እድፍ አለ፣ ውሃ የቀላቀለ ደም። ይርጋ፣ ሰውዬው ቴሌቪዥኑን ሸፍነው ከዚያ ከወደቁ፣ ደማቸው ገና ሳይፈስ እንዴት ጋቢው ላይ ወጣ?»

ይርጋ ዞሮ የብፌውን ጠርዝ እንደ አዲስ አየ።

«ስለዚህ መጀመሪያ ወደቁ። ቀጥሎ ውሃ መጣ፤ ኮሌታቸው የራሰው አንድ ሰው ፊታቸው ላይ ውሃ ሲረጭ ነው። ሊያነቃቸው ሞክሯል። እምቢ ሲሉት በዚያው በውሃና በደም በረጠበ እጁ ጋቢያቸውን አንስቶ ቴሌቪዥኑን ሸፈነ። ለምን? አቧራ ፈርቶ ቢሆን ዳንቴሉ እዚሁ ታጥፎ ነበር። እዚህ አገር የሚያወራ ነገር የሚሸፈነው መቼ ነው?»

«ሬሳ ሲኖር» አለች ፍሬሕይወት ቀስ ብላ።

«ሬሳ ሲኖር። የሸፈነው ሰው መሞታቸውን አውቋል፤ አክብሯቸዋልም። ግን ቢያከብርስ፣ ለምን አላጠፋውም? ፍሬሕይወት ብትሆን ቀይዋን ትጫናለች፤ ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ታጁ ብዙ ዓመት ሲያበራና ሲያጠፋ የኖረ ነው፤ እየበራ ጨርቅ እንደማይጣልበትም የተናገረው እሱ ራሱ ነው። ብሩክ ቢሆን ደግሞ፣ ከሁሉ በፊት ያን ድምፅ ዝም ያሰኘው ነበር። እያወቀ ጆሮው ሥር ሌሊቱን ሙሉ ያስወራዋል?»

«ሪሞት የማያውቅ ሰውስ ገመዱን አይነቅልም?» አለ ብሩክ።

«እጁ እርጥብ ካልሆነ ይነቅላል። ይህኛው ሰው ግን በእርጥብ እጅ ከያዘ አይለቅም መባሉን ሰምቷል፤ አምኖም ፈርቷል። ታጁ ያን ሲናገር እዚህ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛውን ቀብረናል።»

ማንም ወደ ጋሽ ወልደ ሰንበት ለመዞር አልደፈረም። እሳቸው ግን ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አጋደሙት።

«አልመታሁትም» አሉ። «እግዜር ያውቃል፣ አልመታሁትም። ናፍቆኝ መጣሁ። ‹ተነስ፣ ቤቴ እንሂድና እንጫወት› አልኩት። ‹ዝም በል፣ ዜና ላይ ነኝ› አለኝ። ፊቱን እንኳ አላዞረም። ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። ‹ልቀቀኝ› ብሎ ሲመነጭቀኝ ለቀቅኩት፤ ወደ ኋላው ሄደ። ውሃ ረጨሁበት፣ ስሙን ጠራሁት፣ በክርስትና ስሙም ጠራሁት። እሱ ዝም ሲል ያ ነገር ይስቃል! ሰው ሞቶ ይስቃል። ሸፈንኩት።»

«ይህ ልጅ ታስሮ ሦስት ቀን ዝም አሉ!» በላይነሽ ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ያዘነችላቸውን ያህል ተናዳባቸዋለች። «ሚስቱ በር ላይ ብርድ ሲፈጃት እያዩ!»

«እውነትሽን ነው። የሰው ሥራ አልሠራሁም። ግን ልጄ፣ ብናገር ኖሮ ቀብሩ ላይ ማን ያስቆመኛል? ገዳይ የገደለውን አይቀብር። ከእኔ ሌላ የእኩያ ወዳጅ አልነበረውም። ተሸክሜው ልቅበር፣ ሠልስቱም ይለፍ፣ ከዚያ እጄን እሰጣለሁ አልኩ።» ወደ ታጁ ዞሩ። «በድዬሃለሁ፣ ልጄ። ይቅር በለኝ።»

ታጁ የታሰሩ እጆቹን አየ። ይርጋ አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ፈታለት።

«እኔን አይጠይቁኝ» አለ ታጁ። «እሷን ይጠይቁ።»

ሀፊዛ ደፉን ተሻግራ ገባች። ሽማግሌው ጎንበስ ሊሉ ሲሞክሩ ትከሻቸውን ያዘች። «ነገ ፍርድ ቤት መሐላ ላይም ይህንኑ ይበሉ» አለች። «ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ዐውፍ፣ ይቅር እንላለን።»

«እላለሁ።»

ይርጋ መኪና ሊጠራ ወጣ፤ ጋሽ ወልደ ሰንበት ግን በእግራቸው መሄድ መረጡ። በላይነሽ ክንዳቸውን ደግፋ ወጣች። ነፋሱ ከአንኮበር በኩል እየነፈሰ ሁለቱንም ያንገዳግዳቸዋል። ሰፈርተኛው ከየበሩ ብቅ ብሎ ያያል፤ ሰላም የሚል ግን የለም። ጣቢያው ሲታያቸው ሽማግሌው ቆሙ። ፈርተው መስሏት ልታጽናናቸው ስትዘጋጅ፣

«እዚያ የማድርበት ክፍል» አሉ፣ «ሌላ እስረኛ አለበት?»

«አለ፣ አባባ። አምስት ስድስት ይሆናሉ።»

«ያወራሉ?»

«አንዳንዴ ተዉ እስኪባሉ።»

ጋሽ ወልደ ሰንበት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ተመስገን» አሉና ቀድመዋት ወደ በሩ አዘገሙ።