የአውራ ጣት ወሬ

«ነይ እስቲ፣ ለእትዬም አሳዪያቸው» አለች ልብስ ሰፊዋ የፌንጣ እናት፣ በከንፈሯ የያዘቻትን እስፒል አውጥታ።

ፌንጣ ካልሲዋን ማውለቅ አልፈለገችም። ቀሚስ ሊለኩ የመጡት ሴትዮ ግን ከመስታወቱ ዞረው እየጠበቋት ነው። ካልሲዋን አውልቃ የቀኝ እግሯን ጣቶች ወደ ታች አጥፋ ለቀቀቻቸው። አውራ ጣቷ ብድግ ያለ መሰለ። ሴትዮዋ ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ፤ እናቷም ከደስታዋ ብዛት እስፒሏን የት እንዳደረገቻት ጠፋት።

እውነቱ ሌላ ነው። ፌንጣ የትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ወድቃ ከጉልበቷ በታች የተሰበረች ጊዜ አጥንቱ ገጠመ፣ ነርቩ ግን እንደተጎዳ ቀረ። ጣቶቿን ወደ ታች ታጥፋለች፤ ወደ ላይ ማንሳት ግን እምቢ ብሏታል። እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር፣ ጉልበቷን ከፍ አድርጋ ካልተራመደች ምንጣፍ እንኳ ይጥላታል። ድሮ ገመድ ስትዘል የወጣላት ቅጽል ስም ዛሬ ለአካሄዷ የወጣ ይመስላታል፤ ክፍል ውስጥ ሲጠሯት ጆሮዋ ይግላል።

አንድ ከሰዓት አልጋዋ ላይ ሆና ጣቶቿን አጥፋ ስትለቅ እናቷ በበር አየቻት። «ጣትሽ ተነሳ» ብላ አቅፋት አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች። ከአደጋው ወዲህ እናቷ ስትስቅ ፌንጣ አይታ አታውቅም። ልታስረዳት አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ወሬ መቼም እንደ እሷ አይደናቀፍም፤ በማግስቱ አጎቷ ጋ ደረሰ፣ ከዚያም ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰ።

የእግር እንቅስቃሴ የሚያሠራት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ባለፈው ቀጠሮ የነገራት ነገር ደግሞ ነበር። ጣቷ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ካልተነሳ ወደ ነርቭ ቀዶ ሐኪም ይልካታል፤ ነርቭ ብዙ አይጠብቅም፣ ጊዜው ካለፈ ቀዶ ጥገናውም ላይጠቅም ይችላል። ቀዶ ጥገናን እናትም ልጅም እንደ እሳት ይፈሩታል። ቀጠሮው ዛሬ ነው።

በመንገድ ላይ እናቷ ስለሚገዙት አዲስ ጫማ ስታወራ ፌንጣ እንዳትደናቀፍ ጉልበቷን ከፍ እያደረገች ትከተላታለች። አንድም ውሸት ከአፌ አልወጣም እኮ፣ አለች ለራሷ። ደግሞ ወዲያው፣ ዝም ማለቱስ ምንድነው?

እናቷ ገና ሳትቀመጥ ዜናውን ለባለሙያው ነገረችው። ፊቱ በራ።

«ታዲያ ቀዶ ሐኪሙን ለጊዜው እንተወዋለና። እስቲ ልየው» አለ።

እናቷ ለአጎቷ የምትልከውን ቪዲዮ ለመቅረጽ ስልኳን ደገነች። «ተበላሁ» አለች ፌንጣ በልቧ። ግን መበላት የለም፤ ማጠፍና መልቀቅ ብቻ ነው። ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እሷም ከቢላው ታመልጣለች። ከዚያስ? ከርሞም እያጠፈች ልትለቅ ነው? ጣቶቿ ሳታዛቸው መታጠፍ ጀመሩ።

«እማዬ፣ አትቅረጪ።»

«ለምን?»

«አይነሳም። መጀመሪያ ወደ ታች አጥፈዋለሁ፤ ስለቀው የተነሳ ይመስላል። ደስ ሲልሽ ነው መናገር ያቃተኝ።»

ስልኩ ቀስ እያለ ወረደ። ባለሙያው፣ ሳያውቁት እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው ብሎ መዳፉን ከጣቶቿ ስር ደገፈ፣ ወደ ታች እንዳይታጠፉ።

«አሁን ወደ ላይ ብቻ» አላት።

ፌንጣ የእናቷን ፊት ለማየት ፈራች። ጥርሷን ነክሳ ባላት ጉልበት ሁሉ ሞከረች። ጭኗ ተንቀጠቀጠ፣ ግንባሯን አላባት፤ ጣቷ ግን ንቅንቅ አላለም። እናቷ ተጠግታ የማይነሳውን ጣት ትክ ብላ አየችው።

«ቀዶ ሐኪሙ ጋ መቼ ነው የምንሄደው?» አለች ፌንጣ ባለሙያውን።

እናቷ እጇን የልጇ ቁርጭምጭሚት ላይ አሳረፈች፤ ባለሙያው ቀን እስኪቆርጥላቸው ድረስም አላነሳችውም።