ከናዳው ሥር ሁለት ጥሪ

ግሪሴልዳ ኦያርሱን ከበረዶ ናዳው ሥር ተቆፍራ ስትወጣ የራስ ቅሏ ከኋላ ተፈርክሷል፤ ጥርሷ መሐል የገዛ ጠጉሯ ገብቷል። ዓይኗ አልተከደነም። የሚያውቋት ሰዎች፣ ሞታም እንኳ ጫማውን አጥብቆ ያላሰረ ሰው የምትቆጣ ትመስል ነበር አሉ።

«ናዳ በላት» ተባለ። የናዳ ክፋቱ፣ ያልበላውንም በላህ ቢሉት አለመከራከሩ ነው።

ኢንስፔክተር ኔሊዳ ካዩን ፒዬድራ ሶላ መጠለያ የደረሰችው በማግስቱ ረፋድ፣ ነፋሱ ጋብ ሲል ነው። እዚያው ሸለቆ ተወልዳ ብታድግም ተራራው ላይ የምትወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ስለሆነ፣ ተራራውም እሷን ሲያይ ደስ አይለውም፤ እሷም እሱን። በበረዶ ሞተር ያመጣት ኡባልዶ፣ የተራራ ጠባቂዎቹ አለቃ ነው። ትከሻው በር የሚሞላ፣ ጢሙ ላይ በረዶ የጋገረ ሰው።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አላት ገና ከመድረሳቸው።

«መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋ። ኑዛዜ በጩኸት አልሰማም።»

አጠፋውና ነገራት። አዲስ በረዶ በጣለ ቁጥር ማለዳ ከመጠለያው ዝቅ ብሎ ባለው ገደል አፋፍ ላይ ፈንጂ ይወረውራል፤ የላላው በረዶ ሰው ሳይመጣ እንዲወርድ። ትናንትም ወረወረ። ጉም ነበር። ደጋግሞ ጮኸ፣ የመለሰለት የለም። በረዶው ወረደ። ግሪሴልዳ ለቁርስ ስትጠፋ ተፈለገች፤ ከወረደው በረዶ ሥር ተገኘች።

«ከታች መንገዱን የሚዘጋ ሰው የለም?»

«የሟቿ ረዳት ራየን ነበረች፣ መንገዱን በዘጋንበት ገመድ ላይ። ማንም አላለፈም ትላለች።» ኡባልዶ ጢሙን አሸ። «ቀጫጫዋ ውሸታም አይደለችም። ግን ሴትዮዋም በክንፍ አልመጣችም።»

ግሪሴልዳ የሸለቆውን ሴቶች ከተጠረገው ሜዳ ወጥተው በበረዶ መንሸራተቻ በስኪ መሄድንና በሕይወት መመለስን ታስተምር ነበር። ተራራ የወንድ ነው ለሚላት ሁሉ መልሷ «ካርታውን አምጣ» ነው። አሥራ አንድ ተማሪዎቿ መንገዱ እስኪከፈት ከታች መንደሩ ውስጥ እየጠበቁ ነበር። በዚያ ማለዳ ከላይ መጠለያው የነበሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ኡባልዶ፣ ረዳቷ ራየን፣ ወጥ ቤቷ ሱኒልዳና የተራራ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶን አንሴልሞ።

ዶን አንሴልሞ ኢንስፔክተሯን ምድጃው አጠገብ፣ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻያቸውን በቀሰም እየማጉ ተቀበሏት። ሽማግሌ ናቸው፣ ግን ግንድ የሚያክሉ። ባለፈው ክረምት ማይቴ የምትባል ልጅ ከሳቸው ጋር ሳለች ናዳ ወስዷት፣ ጥፍራቸው እስኪነቀል በእጃቸው ቆፍረውላታል። የግሪሴልዳ ትምህርት የተቋቋመው በልጅቷ ስም፣ በሳቸው ቡራኬ ነው። ቅዳሜ የማይቴ መታሰቢያ ድንጋይ ይመረቃል። ንግግሩ የሳቸው ነው፤ ሁልጊዜም የሳቸው ነው።

«ለሴቶቻችን ነው የማዝነው፣ ልጄ» አሉ። «በዓመት ሁለት ሬሳ! ትምህርቱ መዘጋቱ አይቀርም። ራየንም ፈቃዷ ይነጠቃል፤ ዓቃቤ ሕግ ካልፈለጋት ዕድለኛ ናት። ቦታዋን ጥላ ሄዳለች። ሳያንስ ደግሞ ሁለት ሰው ተቀብሯል ብላ በከንቱ ስታስቆፍረን ዋለች።»

«ሁለት ሰው?»

«ፈርታ ነው። መፈለጊያ መሣሪያዋ ተበላሽቷል ብዬ ተቀበልኳት፤ ያውልሽ። ልጅ ናት።»

ልጅ የተባለችው ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ራየን ጓዳ ውስጥ የድንች ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ኢንስፔክተሯ ስትገባ እጆቿን አቀረበች።

«ምን ላድርጋቸው?» አለቻት ኔሊዳ።

«ልታስሪኝ አይደል የመጣሽው?»

«ካቴናዬ ትልቅ ነው፣ ያመልጥሻል። ስለ ሁለቱ ሰዎች ንገሪኝ።»

እዚያ አገር ወደ በረዶው የሚወጣ ሰው ሁሉ ሰውነቱ ላይ የሚያስራት መሣሪያ አለች፤ ጠሪ ይሏታል። ከበራች እስክትጠፋ፣ ባለቤቷ ቢቀበርም፣ ያለማቋረጥ ትጣራለች። ከላይ ያሉት የራሳቸውን ወደ ፍለጋ ይቀይሩና ቀስቷን ተከትለው ይቆፍራሉ።

«ሁለት አሳየችኝ» አለች ራየን። «እናቴ ትሙት፣ ሁለት! ኡባልዶ አንዷን አገኘ። ወደ ጉድጓዱ ስሮጥ ዶን አንሴልሞ ያዙኝ፤ 'አትዪ ልጄ፣ አንቺ ሁለተኛውን ፈልጊ' አሉኝ። ፈለግኩ። ጥሪው ግን ሸሸኝ።»

«እንዴት ይሸሻል?»

«እንደሚሄድ ሰው። እየራቀ ሄዶ ጠፋ። የተቀበረ ሰው ተነስቶ ሄደ ብል ማን ያምነኛል?»

«እሱ ሲሸሽሽ ሬሳው የት ነበር?»

«በቃሬዛ ወደ መጠለያው እየጎተቷት።»

ኔሊዳ ጎንበስ አለች። «አንቺ ጠሪሽን የት ነው የምትይዣት?»

ራየን ጭኗን መታ መታ አደረገች። «ሱሪ ኪስ፣ በዚፕ። የደረቱ ማንገቻ ለወንድ ደረት ነው የተሠራው። ጡት የሚባል ነገር መኖሩን የነገራቸው የለም። ያማል፣ ሴቱ ሁሉ ያላላዋል። የላላውን ናዳው ገፎ ይሄዳል። ዶኛ ግሪሴልዳ ሁላችንንም ሱሪ ላይ ነው ያሰፋችን። 'ሱሪ ሲለበስ ይበራል፣ ሱሪ ሲወልቅ ይጠፋል።' ሌላ ሕግ የላትም።»

ኔሊዳ ሬሳው ወዳለበት የዕቃ ቤት ስትገባ ደፉ ላይ ተንሸራትታ በቂጧ ተቀመጠች። ወለሉ በበረዶ ተለብጧል፤ እንደ መስታወት።

«እዚህ ውሃ የደፋው ማነው?» ብላ ጮኸች።

ሱኒልዳ ማማሰያዋን እንደያዘች ከወጥ ቤቱ ብቅ አለች። «እኔን ነው የምትጠይቂኝ? በነሐሴ፣ በዚህ በበረዶው ወር፣ ወለል በውሃ የሚያጥብ ሰው አጥቦ አያውቅም ማለት ነው! በረዶ ይበተንበታል፣ ይጠረጋል፣ አለቀ።»

«ሌላ የምትነግሪኝ አለ?»

ሴትዮዋ ወደ ምድጃው ክፍል አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አለኝ። ግን ሁሉም በተሰበሰበበት ካልሆነ አልናገርም። ለግሪሴልዳ ለብቻዋ ነገርኳት፤ ምን እንደሆነች ይኸው ታያለሽ።»

ኔሊዳ ኡባልዶን ወደ ሬሳው ጠራችው። ብርድ ልብሱን ገለጠች። ቁስሉ ከጆሮ እስከ ጆሮ ቀጥ ያለ ነበር፤ አለት ደግሞ መስመር አያሰምርም። ደሙ ከማጅራቷ ተነስቶ በጀርባዋ እስከ ቀበቶዋ ወርዷል።

«ስታገኛት አፏ ላይ ምን ነበር?»

«በረዶ።»

«ምን ዓይነት?»

«ዱቄት...» አለና አቆመ። ፊቱ ተለወጠ። «በሕይወት የተቀበረ ሰው ትንፋሹ በረዶውን ያቀልጠዋል። መልሶ ሲረጋ ፊቱ ላይ እንደ ጭምብል ይሆናል። እሷ ላይ... ዱቄት ነበር።»

«ደሙም ቁልቁል የወረደው ቆማ ወይ ተቀምጣ ሳለች ነው። ከናዳው ሥር ግን በግንባሯ ነው የተደፋችው፤ አንተው ነህ የነገርከኝ። እንግዲህ ኑዛዜህን መልሰህ ውሰድ።»

ግዙፉ ሰውዬ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ። ኔሊዳ እስኪጨርስ መስኮት መስኮቱን አየች።

«ጠሪዋን ማን አጠፋው?»

«እኔ። ደረቷ ላይ ነበር።»

«አልገረመህም?»

«ገረመኝ እንጂ! 'ጠሪ እንደ መሀረብ ሱሪ ኪስ ይከተታል ወይ' እያልኩ ስንት ዓመት ስቄባታለሁ። በመጨረሻ ሰማችኝ አልኩ። ደስ ሁሉ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ኔሊዳ የማንገቻውን ጠርዝ በጣቷ ነካ አድርጋ አነሳች። ደሙ ከሥሩ ደርቋል፤ የላዩ ግን ንጹሕ ነው። ከዚያ ሬሳውን በብርድ ልብሱ ስትሸፍን የሟቿን ቀኝ ጭን ዳበሰች።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች። የዕቃ ቤቱ በር ተከፍቷል፤ ሬሳው ይታያል። የምስር ሾርባው ምድጃው ላይ ይንተከተካል።

«ሟቿን ወደ ታች ልናወርዳት ነው» አለች። «ወግ ያለው አሸኛኘት ይሁን፣ ጠሪዋን ይዛ ትውረድ ብዬ ነበር። እኔ የበረዶ ሰው አይደለሁም። ዶን አንሴልሞ፣ ትልቅ እርስዎ ነዎት፦ የት ላድርግላት?»

«ደረቷ ላይ ነዋ!» አሉ ዶን አንሴልሞ፣ ዓይናቸው እርጥብ ብሎ። «እንደ ሁልጊዜዋ። ስንቴ በዚህ እጄ ማሰሪያዋን አጥብቄላታለሁ።»

ራየን አፏ ተከፍቶ ቀረ። ሱኒልዳ ማማሰያዋን አስቀመጠች።

«ምን አሉ?» አለች ሱኒልዳ። «የሱሪዋን ኪስ እኔ ነኝ የሰፋሁት። አራት ክረምት ሆነው።»

«ራየን» አለች ኔሊዳ ከካፖርቷ አንዲት ጠሪ አውጥታ። «ይቺ ተበላሽታለች ብለው የቀሙሽ ናት። አብሪያትና ፈልጊ።»

ራየን አበራቻት። መሣሪያዋ ጮኸች። ቀስቷ በጠረጴዛው አልፋ፣ በሩን ተሻግራ፣ በተለበጠው ወለል ላይ እየመራች ሬሳው ዘንድ አደረሰቻት። ራየን የሟቿን ጭን ዚፕ ከፈተች። ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ሁለት ነበሩ» አለች ራየን።

«ሁለት ነበሩ» አለች ኔሊዳ። «የሸሸሽ ጥሪ በቃሬዛ ላይ ነበር። ማንም አላለፈም ያልሽውም እውነት ነው፤ አንቺ ገመዱ ላይ ከመቆምሽ በፊት እታች ተጥላለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ግሪሴልዳ እንደ ልማዷ ከሁሉም ቀድማ ተነሳች። ሱሪዋን ለበሰች፣ ጠሪዋን አበራች። እዚያ ዕቃ ቤት ተቀምጣ ጫማዋን ስታስር በአካፋ ስለት ማጅራቷን ተመታች። ኡባልዶ ገደሉን እንደሚያፈነዳ ገዳዩ ያውቃል። ግን ያለ ጠሪ የሞተች አስተማሪ ታጠራጥራለች። ደረቷን አየ፣ የለም። ከማስተማሪያ ጠሪዎቹ አንዷን ከተሰቀለችበት ሚስማር አውርዶ፣ አብርቶ፣ ደሟ ላይ አነገተላት። ደሙን በውሃ አጠበ። ኡባልዶ ቢሆን ኪሷን ያውቃል፤ ሲስቅባት ኖሯል። ሱኒልዳ ሰፍታዋለች። ራየን ለብሳዋለች። ኪሷን የማያውቀው፣ ስለነዚህ ሴቶች ሲናገር ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ ያላያቸው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ለምን ብዬ?» አሉ ዶን አንሴልሞ። እየሳቁ ነበር። «ለምን ብዬ፣ ልጄ?»

መልሱ ከምድጃው በኩል መጣ። «ማይቴ የሞተች ቀን በዚህ በር ገቡ» አለች ሱኒልዳ። «ሾርባ አለ ወይ አሉኝ። ሰጠሁዎት። ጨው ጨምሪ አሉኝ። ጨመርኩ። ጠጥተው ሲጨርሱ ነው 'ልጅቷን ናዳ ወሰዳት' ያሉት። ጓንትዎ ደረቅ ነበር። ጥፍርዎ በማግስቱ ነው የቆሰለው። ድንጋጤ ነው ብዬ ዓመት ሙሉ ለራሴ ዋሸሁ። ድንጋጤ ጨው አያስጨምርም! ለግሪሴልዳ ነገርኳት፤ ቅዳሜ ድንጋዩ ፊት እናገራለሁ አለች። ለርስዎም ቀድማ ሳትነግርዎ አልቀረችም።»

አንቱታውን እዚህ ላይ ብናቆም ይሻላል። አንሴልሞ ከበሩ ኋላ አካፋውን መዞ ራየን ላይ ሰነዘረ። ኡባልዶ ክንዱን አስገባ፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ፣ ደም ግድግዳው ላይ ተረጨ። «ሁላችሁንም!» አለ ሰውዬው አካፋውን እንደገና እያነሳ፤ «ሁላችሁንም እኔ ነኝ ሰው ያደረግኋችሁ!» ኔሊዳ ሽጉጧን ከካፖርቷ ቁልፎች ሥር ስትታገል፣ ሱኒልዳ ድስቱን በሁለት እጇ አንስታ ፊቱ ላይ ደፋችው።

«ጨው አለው» አለች።

ጩኸቱ ናዳ ያወርዳል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ኡባልዶ በደህናው እጁ ጥሎ ደረቱ ላይ ተቀመጠበት፤ ካቴናው ትልቅ ቢሆንም ለሱ ልክ ሆነ። ካበጠው አፉ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጅቷ ስትጣራ ሰምቻታለሁ። ሌላም ናዳ ይመጣል ብዬ ፈራሁ።»

ከሰዓት በኋላ ሬሳው ቃሬዛ ላይ ተጫነ። ኔሊዳ በሟቿ ኪስ ያለችውን ጠሪ ለራየን ጠቆመቻት።

«አጥፊያት እንግዲህ። የአንቺ ፋንታ ነው።»

ራየን ራሷን ነቀነቀች። «ሱሪዋ አልወለቀም።»

ኔሊዳ የኪሱን ዚፕ ዘጋችው። «ልክ ነሽ። ማስረጃ ደግሞ ሐኪሙ እስኪያየው ካለበት አይነካም» አለች፣ ሕጉን በዚያች ደቂቃ እያወጣች።

መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ራየን ቃሬዛውን ከፊት እየመራች በስኪ ወረደች፤ አንሴልሞ በሁለተኛው ሞተር፣ ፊቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከኋላ ተከተለ። ከታች አሥራ አንዱ ሴቶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከመሐላቸው አንዷ ጠሪዋን ከሱሪዋ አውጥታ ወደ ፍለጋ ቀየረቻት። ሌሎቹም ተከተሏት። ቃሬዛው በፊታቸው ሲያልፍ አሥራ አንዱም መሣሪያ ባንድ ላይ ጮኸ፤ ቃሬዛው በጉም ውስጥ እየራቀ፣ እየራቀ ሲሄድ ጩኸቱ ጸጥ አለ።

ቃሬዛውን አሳልፋ ከሴቶቹ ጋር የቀረችው ራየን ዞር አለች። «መልሱና ወደ መጥሪያው ቀይሯቸው» አለች። «አንድ በአንድ አያለሁ። ከዚያ ወደ ተራራው እንወጣለን።»