ለስምንት ያላካፈልኩት

ይህን ፈጠራ ነው የሚል ካለ አልከራከረውም። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። ጥፋቱም የእኔው ነው።

ጊዜው 1990 ዓ.ም.፣ የጥቅምት ወር፣ ቀኑ ሰኞ ነው። ለስድስት ሰዓት አስር ጉዳይ... በጠራራ ፀሐይ።

ቦታው ላፍቶ፣ በጦርነቱ ከወላጆቻቸው የተለያዩ ልጆችን የሚያፈላልግ ማኅበር ቢሮ ነው። እኔ ወጋየሁ ያኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበርኩ። ስሜ ገና እየወጣ ስለነበር ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

የመዝገብ ሠራተኛዋ እትዬ ተሾመች የሦስት መቶ ልጆችን ስም፣ ፎቶና አድራሻ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተዋል። ሌላ ቅጂ የለም። ዲስኩ ደግሞ እያጣጣረ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት በስንት መከራ ተነስቷል፤ አንዴ ከጠፋ እንደማይነሳ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሥራዬ በውስጡ ያለውን ወደ ቴፕ፣ ማለትም የኮምፒውተር መረጃ ወደሚያስቀምጥ ካሴት፣ መገልበጥ ነው።

አምስት ሰዓት ላይ ስደርስ እትዬ ተሾመች ጠየቁኝ።

"መብራት በፈረቃ ነው፣ በስድስት ሰዓት ይሄዳል። ይደርሳል?"

የቴፕ መቅጃውን መመሪያ ወረቀት አየሁ። ከኮምፒውተሩ ጋር በፍሎፒ ዲስክ ገመድ የሚገናኝ የድሮ ዓይነት ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 500 ይላል። የሚገለበጠው ሰማንያ ሜጋባይት። ኪሎባይት ነው ብዬ በጭንቅላቴ አካፈልኩ።

"ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እትዬ፣ ሥራዬ እኮ ነው።"

ከዚያ ሻይ ቤት ሄጄ ወሬ ስሰልቅ ቆየሁ። ስመለስ ለስድስት አስር ጉዳይ ሆኗል።

በሩ አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ፣ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የሚባሉ እናት ተቀምጠዋል። ልጃቸው ጸደንያ ከጠፋች ሰባት ዓመቷ ነው። መዝገቡ ውስጥ 211ኛ ሆና ተገኝታለች። አድራሻዋን ሊወስዱ ነው የመጡት፤ ዲስኩ እንዳይነካ ግልበጣው እስኪያልቅ ይጠብቁ ተብለዋል።

ጀመርኩ።

ሦስት ደቂቃ አለፈ... አምስት... ስምንት...

"ሦስት ደቂቃ አላልክም?" አሉ እትዬ ተሾመች በሹክሹክታ።

"አሁን ያልቃል።"

ወረቀቱን እንደገና አነሳሁ። 500 ኪሎቢት።

ባይት አይደለም... ቢት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ለስምንት አላካፈልኩም። ትክክለኛው ሃያ አንድ ደቂቃ ነው።

መናገር ነበረብኝ። ቢያንስ ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት እንፈልግ ማለት ነበረብኝ። አፈርኩና ዝም አልኩ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። መብራቱ ሄደ።

ስክሪኑ ጠቆረ። ዲስኩ አቃስቶ ቆመ።

ቴፑ ግን አልቆመም...

ይዞራል። ትንሿ አረንጓዴ መብራቱም ብልጭ ድርግም ትላለች።

"መብራት ሄዷል አይደል?" አሉ እትዬ ተሾመች።

"ሄዷል።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው የሚዞረው?"

"የራሱ ባትሪ አለው።"

ባትሪ የለውም።

ጠጋ ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩት። ይዞራል። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ነቀልኩት... ይዞራል።

ሰዓቴን እያየሁ ጠበቅኩ። ስድስት ከአስራ አንድ ሲሆን ቀጥ አለ። ከጀመርኩ ልክ ሃያ አንድ ደቂቃ።

በማግስቱ ዲስኩ አልነሳ አለ። ቴፑን ይዤ ወደ ሱቄ ሄድኩና ከፈትኩት።

ሦስት መቶዎቹም ልጆች አሉ። አንድም አልጎደለም።

እስከ 141ኛው ድረስ ልጆቹ ድንኳን አጠገብ ቆመው ነው የተነሱት። እትዬ ተሾመች ያስገቡት፣ መብራት ሳይሄድ የተገለበጠው ፎቶ ነው።

ከ142ኛው ጀምሮ ድንኳኑ የለም።

ከኋላቸው አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ይታያል። ከታች በግራ በኩል የተጨረመተ ነው። መኪና ገጭቶት ነው።

አውቀዋለሁ። ፉሪ ያለው የግቢዬ በር ነው።

211ን ከፈትኩ። ጸደንያ በሩን ተደግፋ ቆማለች። አድራሻ የሚለው ቦታ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ፉሪ፣ ወጋየሁ ቤት።"

ቴፑን ለእትዬ ተሾመችና ለወይዘሮ ፀሐይወርቅ ልውሰድላቸው ብዬ ተነሳሁ። ግን ምን ብዬ? መቼ ነው ይሄ የተገለበጠው ቢሉኝስ? ሦስት ደቂቃ ያልከው የታለ ቢሉኝስ?

ቴፑን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

"ባዶ ነው" አልኳቸው ለሁለቱም። "መብራቱ ነው ያበላሸው።"

እትዬ ተሾመች ቀና ብለው አላዩኝም። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ግን እጄን ያዙ።

"አንተ ምን ታደርግ ልጄ... የለፋህበትን እግዜር ይቁጠርልህ።"

ያቺ ምርቃት እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ልሄድ በሩን ከፈትኩ።

ደጄ ያለው አቧራ በሙሉ የእግር ዱካ ነው። ባዶ እግር... የልጅ እግር... የአንድ ልጅም አይደለም።

ሁሉም ወደ በሩ ይመጣሉ። አንዱም አይመለስም።

በሩ ሌሊቱን በውስጥ ተቀርቅሮ ነበር ያደረው።

የጎረቤት ሰው ሲመጣ ሰማሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ምን እላለሁ የሚል ነው። መጥረጊያ አንስቼ እየተጣደፍኩ ጠረግኩት። አንድም አላስቀረሁ።

ቀና ብዬ ወደ ግቢው ዞርኩ።

ከበሩ እስከ መኝታ ቤቴ ደፍ ድረስ፣ ደረቁ ሲሚንቶ ላይ፣ ስወጣ ያልነበረ የአንዲት ትንሽ ልጅ እርጥብ ዱካ ወደ ውስጥ ገብቷል...