ያልገባው ማነው?

ከደመና በላይ በተሠራው ትምህርት ቤት፣ መምህርት ትርንጎ እንደ ልማዷ አፏን ገጥማ ቆማለች፤ ጉሮሮዋ ግን ክፍልፋይ ያስተምራል። አንገቷ ላይ የተቆለፈው ድምፀ ተኪ፣ ማለትም የመምህሩን ድምፅ ቀድቶ ትምህርቱን በራሱ የሚያነበንብ ቀጭን ማሰሪያ፣ ለማሳል እንኳ ፋታ አይሰጥም።

አወይ መንግሥት! መምህራኑ «ሁለት መቶ ልጅ አንድ ክፍል አጭቆ ማስተማር አይቻልም» ብለው ሥራ ቢያቆሙ፣ አዋጅ አወጣና በሮቦት ዘበኛ እየነዳ መለሳቸው። ተመልሰው ዝም ቢሉ ደግሞ «አፋችሁን ካልከፈታችሁ ጉሮሯችሁ ይበቃናል» ብሎ ይህን ጉድ አሰረላቸው። ትርንጎም ጥያቄያቸው እስኪመለስ ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል ላትተነፍስ ማለች።

ማሰሪያው በየመሀሉ «ገባችሁ?» ይላል። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላሉ። ድሮስ ሳይገባው «አዎ» የማይል ተማሪ የት አለ? መምህር ግን ፊታቸውን አይቶ ይነቃባቸዋል። ማሰሪያው ምን ዓይን አለው! «አዎ»ውን ለቢሮ ያስተላልፋል፤ ቢሮውም ልጆቹ ተራቀቁ ብሎ ይለፍፋል።

ዛሬ ግን ማሰሪያው ተበላሸ።

«ገባችሁ?»

«አዎ!»

«ገባችሁ?»

«አዎ!»

ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ። ኋላ ድምፃቸው ሻከረ፤ ለማቆም ግን የደፈረ የለም። ፊት ወንበር ላይ ኦብሴ የምትባል ልጅ እያለቀሰች «አዎ» ትላለች። ትርንጎ እጇን ወደ ማሰሪያው ሰደደች።

በሩ ተበረገደ። ርዕሰ መምህሩ ጫንያለው ነው፤ ያ በአድማው ጊዜ ከሁሉ ፊት ቆሞ ሲፎክር የነበረው።

«ምን አደረግሽው?» ብሎ አፈጠጠባት። «እንዳትነኪው! ወህኒ ትወርጃለሽ፣ እኔ የለሁበትም!»

ትርንጎ ደሟ ፈላ። ማሰሪያውን ከአንገቷ ገንጥላ እግሩ ሥር ወረወረችው። እሱም ዘበኞቹን ሊጠራ እየሮጠ ወጣ።

ማሰሪያው መለፍለፉን አቆመ። ኦብሴ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ቲቸር፣ አሁን እርስዎ ነዎት?»

ትርንጎ መሐላዋ ትዝ አላት። ከመለሰች አድማዋን በገዛ አፏ ማፍረሷ ነው። ዝም ካለችስ ለዚች ልጅ ከማሰሪያው በምን ትሻላለች?

«እኔ ነኝ» አለች በሻከረ ድምፅ። «ያልገባው ማነው?»

ልጆቹ ተያዩ። የኦብሴ እጅ ተነሣ። ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ እጅ ብቻ ሆነ።

«ከየት ጀምሮ ነው ያልገባችሁ?»

«አንገትዎ ላይ ያንን ካሰሩብዎት ቀን ጀምሮ» አለች ኦብሴ።

ከኮሪደሩ የዘበኞቹ የብረት ኮቴ ተሰማ። ትርንጎ በሩን በጠረጴዛዋ ደገፈችው። አዋጅም ዘበኛም ያላስቆመው የዝምታ አድማዋ ያበቃው ያን ጊዜ ነው።

«እሺ» አለች ወደ ሰሌዳው ዞራ፣ «ከግማሽ እንጀምር።»