ይወዱ ነበር

«አንዷን ብቻ እንላጣት» አለች ያምሮት፣ ከመንገዱ ዳር ባሕር ዛፍ ሥር ተዘርፍጣ።

«አይሆንም» አለች ሕሊና። «የአባዬ ናቸው። የበሽተኛ መጠየቂያ በመንገድ ይበላል እንዴ?»

ሕሊና ደብተሮቿን አውጥታ ቦርሳዋን በብርቱካን ሞልታዋለች። ማንጠልጠያው ትከሻዋን ልጦታል፤ ያምሮት ላግዝሽ ብትላት ግን አሻፈረኝ አለች። መንገዱ ተዘግቶ መኪና ካቆመ ሰንብቷል። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ተከራይተው ከሚማሩበት ክፍል ተነሥተው፣ ከቡሬ ማዶ እስካለው መንደራቸው ድረስ በእግራቸው ነው። ማንኩሳን አሁን አልፈዋል፤ ዛሬ ቡሬ ያድራሉ፣ ነገ ይገባሉ።

ያምሮትን ያስቸገራት እግሯ ሳይሆን አፏ ነው። ትናንት የሕሊና አጎት አያ ወንዳወቅ በእሷ ስልክ ደውለው ነበር፤ ሕሊና ስልክ የላትም።

«ስሜነህ አርፏል» አሏት፤ የሕሊናን አባት ማለታቸው ነው። «ቀብረነዋል። ለእሷ ‹ትንሽ አሟቸዋል፣ ነይ ብለውሻል› በያት። መርዶ በመንገድ አይነገርም፣ ጉልበት ይከዳል። ቤት ትግባ፣ እህል ትቅመስ፣ ትተኛ፤ ሲነጋጋ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይነግራታል። አደራሽን ልጄ፣ ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

«እሺ አያ» አለች ያምሮት። ሌላ ምን ትበል?

ሕሊና መንገዱን ሙሉ ስትቀልድ ዋለች። አባቷ ሲያማቸው እንደ ሕፃን ይሆናሉ፤ ይነጫነጫሉ፣ ዶሮ ካልተሠራልኝ ይላሉ። «እኔን ለማስመጣት ያመጡት በሽታ ነው፤ ሳያዩኝ አይድኑም» አለች። ያምሮት ለመሳቅ ሞከረች። ዝም ማለቷ እንዳያስታውቅባት ፈርታ አንድ ነገር ልትል ፈለገች።

«አያ ስሜነህ እኮ ብርቱካን ይወዱ ነበር።»

ሕሊና ቆም አለች። «ነበር? አሁንስ ማን አስጠላቸው?»

«ማለቴ... ልጆች ሆነን። ከገበያ ሲመጡ ልጣጩን አበባ አስመስለው ይቆርጡልን አልነበር?»

«አዎ፣ ፍሬውን ለራሳቸው በልተው» አለች ሕሊና። «ያንቺ አማርኛ ግን ዘንድሮ ተበላሽቷል፣ ሙች።»

ከዚያ በኋላ ያምሮት አፏን ከመክፈቷ በፊት እያንዳንዱን ግስ ትመረምር ጀመር። ለአማርኛ ፈተና እንኳ እንዲህ ተጠንቅቃ አታውቅም።

ቡሬ እትዬ ናዚፋ ቤት አደሩ፤ የአያ ስሜነህን በርበሬ በየዓመቱ የሚገዙ ነጋዴ ናቸው። ሕሊናን ሲያዩ አቅፈዋት ቆዩ፣ ሊለቋትም አልፈለጉም። «በርበሬው ነው» ብለው ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። በዚያ ቀን ቤታቸው ውስጥ በርበሬ አልነበረም።

ጎሕ ሲቀድ እትዬ ናዚፋ ፀሐይ ሳይበረታ እንዲነሡ ብለው በራቸውን አንኳኩ። ሕሊና ደንግጣ ተነሥታ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት ያምሮት።

«እንዲህ ሲነጋጋ በር ሲንኳኳ መርዶ ይመስለኛል። ወንድሜ አምላኩ የሞተ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ማታውን ቤታችን በሰው ተሞላ። ሁሉም ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እንግዳ በዛልን ብዬ ደስ ብሎኝ፣ እየዘፈንኩ ጠላ ስቀዳላቸው አመሸሁ። እያዩኝ እኮ ነው።» ነጠላዋን ማጣጠፍ ጀመረች። «መሞቱ የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል። ያን ዘፈኔን ግን ሳስበው እስካሁን ያመኛል።»

ያምሮት ጫማዋን ለማሰር አጎነበሰች፤ ታስሮ የነበረውን ፈትታ እንደገና አሰረችው።

ከአስፋልቱ ወጥተው በበቆሎ ማሳ መካከል በሚያልፈው ጠባብ መንገድ ሲሄዱ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ደረሱ። ከማዶ ዳገት ነው፤ ከዳገቱ በላይ መንደራቸው። አፋፉ ላይ ሰዎች ቆመዋል።

«ለእኔ ነው ይሄ ሁሉ አቀባበል?» አለች ሕሊና። «አባዬ ድነዋል ማለት ነው። ያ ከመካከል የቆመው ሰውዬ እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።» እጇን አንሥታ አውለበለበች። የመለሰላት የለም። «አልታየናቸውም መሰል። ነይ፣ እየዘፈንን እንግባ፤ ድምፄን ያውቁታል።»

ጉሮሮዋን ጠራረገች።

ያምሮት ልቧ ለሁለት ተከፈለ። እናቷ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እያለች ነው ያሳደገቻት። ከአፍሽ እንዳይወጣ ተብላለች። ይህች ልጅ ደግሞ አሁን እየዘፈነች ልትገባ ነው፣ እነዚያ ሁሉ ሰዎች እያዩዋት።

«ሕሊና፣ ቁጭ በይ።»

«ደከመሽ? ደርሰናል እኮ።»

«ቁጭ በይ። ቦርሳውን አውርጂው።»

ሕሊና ግራ ተጋብታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ያምሮት ፊት ለፊቷ ቆመች። ወገቧ ላይ ያሰረችውን ነጠላ ፈታች፤ አራገፈችው። ከዚያም ለቅሶ ቤት እናቶች እንደሚያደርጉት፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ አዘቅዝቃ ለበሰችው። አንድም ቃል አልተናገረችም።

ሕሊና ጥለቱን አየች፤ ከዚያ አፋፉ ላይ የቆሙትን ሰዎች አየች።

«ትናንት» አለች ቀስ ብላ፣ «ይወዱ ነበር ያልሽው...»

ያምሮት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ሕሊና «አባዬ» ብላ ተደፋች። ያምሮት አቀፈቻት፤ ከፍኖተ ሰላም ጀምሮ አምቃው የመጣችው እንባዋም ወረደ። ብዙ አለቀሱ። ከማዶ አያ ወንዳወቅ ድምፁን ሰምተው ዳገቱን በሩጫ ሲወርዱ ያምሮት አየቻቸው። እንደሚቆጧት ታውቃለች። ይቆጧት።

ሕሊና ፀሐይ እንዳይመታት ጣል ያደረገችውን ነጠላ ከራሷ ላይ አውርዳ ልታዘቅዝቀው ሞከረች፤ ጥለቱ ግን እንደገና ወደ ታች ዞረባት። ያምሮት ተቀብላ ጥለቱን አገላበጠችና አለበሰቻት።

«ቦርሳውን ስጪኝ» አለቻት።

ሕሊና ሰጠቻት።