ለሁሉም እሺ የምትለው ቢፍቱ

«ልቤ ከዚህ ወዲያ ሌላ ቤት የለውም። እስከ ተራራው ጫፍ አብረን ነን» አለ የሚፍታ ስልክ።

ድምፁ የናኢማ ነበር። ናኢማ ራሷ ግን የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ጋ ጎንበስ ብላ ውሃ እየጠጣች ነው። ሚፍታ ስልኩን ከፍ አድርጎ ለጓደኞቹ ደግሞ አሰማቸው።

«ሰማችሁ አይደል? ናኢማ እሺ ብላኛለች! ሽማግሌ ልላክ ወይስ ራሴ ልምጣ?»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ናኢማን ውሃው ትን አላት።

«አንተ ቀሽም! ቢፍቱ ናት ያለችህ እንጂ እኔ አይደለሁም!»

«ድምፁ የማን ነው ታዲያ?»

እዚህ ላይ ምን ይባላል? ድምፁማ የእሷው ነው። ናኢማ አፏን ጠርጋ፣ ጆሮዋ እስኪግል ተናዳ ወደ ክፍል ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናኢማና አብዲሳ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ዓመቱን ሙሉ በአብዲሳ ወንድም ላፕቶፕ፣ ያውም ግማሹ ቁልፍ በወለቀበት ላፕቶፕ፣ «ወደ ጭላሎ» የሚባል ጌም ሲሠሩ ከርመዋል። ተጫዋቹ ወንድ ወይም ሴት ጋላቢ ይመርጥና ከሳጉሬ ተነስቶ፣ የገብሱን ማሳ አቋርጦ፣ ጉም ውስጥ የጠፋችን ባዝራ ፍለጋ የጭላሎን ተራራ ይወጣል። አብራው የምትጋልበው ቢፍቱ ናት። ኮዱን የሚጽፈው አብዲሳ ነው። የቢፍቱን ቃላት የጻፈችው፣ በስልክ ቀድታ በድምጿም የተናገረችው ናኢማ ናት። ተጫዋቹ ማታ እሳት ዳር ሲደርስ «እወድሻለሁ» የሚል ቁልፍ ይመጣለታል። ከተጫነው ቢፍቱ ያቺን ሚፍታ ያሰማትን ዓረፍተ ነገር ትናገራለች።

አብዲሳ ደስታውን መያዝ አቅቶት ጌሙን ለክፍሉ ልጆች ልኮላቸው ነበር። ላኪው እሱ፣ ሙድ የሚያዝባት እሷ! ሽንት ቤት ስትሄድ «ልቤ ሌላ ቤት የለውም»፣ ሰልፍ ላይ ስትቆም «ልቤ ሌላ ቤት የለውም»። የባሰው ደግሞ ገና ሊመጣ ነው። በሚቀጥለው ዓርብ በትምህርት ቤቱ የቴክኖሎጂ ቀን ጌሙ በትልቁ ስክሪን ይታያል፤ አባቷም መጥቶ ይቀመጣል። የገዛ ልጁ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ልቧን ስትሰጥ ሊሰማ ነው እንግዲህ።

ከትምህርት በኋላ ናኢማና አብዲሳ የዳናዊት ወላጆች ሱቅ ተገናኙ። ዳናዊት የናኢማ የልብ ጓደኛ ናት። ወላጆቿ ከቡታጅራ መጥተው አሰላ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ከከፈቱ ቆይተዋል፤ ከሰዓት በኋላ የምትጠብቀው እሷ ናት። ጌሙን ባንኮኒው ስር ደብቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨርሳዋለች።

«እኔን ያበሸቀኝ ሌላ ነው» አለች ዳናዊት። «ሴቷን ጋላቢ መርጬ ነው የተጫወትኩት። ቢፍቱ ልቤ ሌላ ቤት የለውም ስትለኝ ደነገጥኩ፤ ሳቅኩ፤ ከዚያ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። በነጋታው ሚፍታ ያንኑ ከፈተው። ቃል በቃል! ሚፍታ እኮ ፈረሷን ውሃ እንኳ አላጠጣላትም!»

«ከደበረሽ ለወንድ ብቻ አደርጋታለሁ» አለ አብዲሳ። «አንድ መስመር ኮድ ነው። ሴት ስትጫወት ቁልፉ አይመጣም፣ አለቀ።»

«አይመጣም? እኔም እንደነሱ ያን ሁሉ ዳገት ጋልቤ?»

«እንግዲያው እንዳለ ይቅር! ጌም ነው አቦ፤ የደከመ ሁሉ ይሸለም። እሺ ይበልጣል ከሺ ሲባል አልሰማሽም?»

«ለሁሉም እሺ የሚባልማ ከሆነ ምኑ ይበልጣል?» አለች ናኢማ። ሳታስበው ጮኸች። «ሽልማቱ እኮ የኔ ድምፅ ነው! አልፈልግም። ድምፄን ከጌሙ አወጣለሁ።»

ያለ ናኢማ ድምፅ ቢፍቱ ዲዳ ናት። ሌላ ሰው ፈልጎ እስከ ዓርብ እንደገና መቅዳት ደግሞ የማይሆን ነው። አብዲሳ ላፕቶፑን ዘጋ፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

«እንደፈለግሽ» አለና ቻው እንኳ ሳይል ወጣ። ናኢማን ቅር አላት። አብዲሳ ኩርፊያ አያውቅም፤ እሷም እሱን ማስኮረፍ አትወድም።

ቅዳሜ ለገበያ ሳጉሬ ሄደች። አክስቷ አዳዳ ሀሊሜና ባላቸው ኦቦ ሁሴኖ እዚያ የእህል መጋዘን አላቸው፤ በገበያ ቀን ናኢማ ገብስ በመስፈር ታግዛቸዋለች። ገበያተኛው ጋብ ሲል አዳዳ ሀሊሜ ጉንጯን ቆነጠጡ።

«ምነው ዛሬ አፍሽ ተሰፋ? ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ማን ነካብኝ አንቺን?»

ናኢማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስልኳን አውጥታም ቢፍቱን አሳየቻቸው። አዳዳ ሀሊሜ ፈረሶቹን ወደዷቸው። እሳቱ ዳር ሲደረስ ግን ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ይቺ ልጅ ማንን ነው የምትወደው?»

«የሚጫወተውን ነው፣ አዳዳ።»

«ማንም ይሁን?»

«ማንም ይሁን።»

«ኤዲያ! ይቺማ በር ናት እንጂ ሰው አይደለችም፤ የገፋት ሁሉ የሚገባባት። እኔን ተመልከቺኝ። እኔ በአሴና ነው የገባሁት። ማንም አልሰጠኝም። የወደድኩትን አይቼ፣ በገዛ እግሬ ሄጄ እናቱ ቤት ገብቼ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ እንዲያ ከገባች አትመለስም፤ ወጉ ነው። ሽማግሌዎቹ የቀረውን ይጨርሳሉ።» ይህን ሲሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ነበር።

ኦቦ ሁሴኖ ከጆንያው ጀርባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?»

«ምን አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ አልኩ። ኮርቻ እየጠገንኩ ነበር እኮ! ቀና ስል አንዲት ልጅ ምሰሶው ስር ተቀምጣለች፤ እናቴ እልል ትላለች፤ እኔ መርፌዬን ይዤ ቆሜያለሁ።»

ናኢማ በሳቅ ፈረሰች። አዳዳ ሀሊሜ ግን አልሳቁም። ወገባቸውን ይዘው ባላቸውን አዩአቸው።

«ታዲያ ጠልተኸኝ ነበር ይሄን ሁሉ ዘመን?»

«ኧረ አልጠላሁሽም! ወድጄሽማ ነበር። ብትጠይቂኝ ኖሮ ግን እሺ ማለት እንዴት ደስ ባለኝ።»

ከዚያ አዳዳ ሀሊሜ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ እንደ ወግ ባለ ድምፅ፣ «ሁሴኖ፣ ታገባኛለህ?» አሏቸው።

«ላስብበት» አሉ ኦቦ ሁሴኖ። አዳዳ ሀሊሜ የስፍር ጣሳውን ወረወሩባቸውና ሦስቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ሚኒባሱ ወደ አሰላ ሲመልሳት ናኢማ በሁለት ጆንያ መሃል ተጣብቃ ስለ ቢፍቱ አሰበች። እሷንስ ማን ጠየቃት? አብዲሳ አልጠየቃት፣ ተጫዋቹ አልጠየቃት፤ የፈጠረቻት ናኢማ እንኳ ማንን ትወጃለሽ ብላት አታውቅም። ዓይኗን ጨፈነችና አሁን ጠየቀቻት። መልሱ ብዙም አላስቸገረም። ቢፍቱ የምትወደው ወንድ ነው፤ ሰውየውም ጢቾ ከተማ ነው ያለው። ጌሙን ማንም ከመክፈቱ በፊት ነው የወደደችው። ይህን ወንድ ተጫወተ ሴት፣ ቁልፍ በመጫን የሚለውጠው የለም። ናኢማ ይህን ስትወስን ቀለል ብሏት ፈገግ አለች፤ አጠገቧ ያሉት ሴትዮ «ምን ያስቅሻል?» አሏት።

ሰኞ ዴስካቸው ላይ ለአብዲሳ ነገረችው። ድምጿን ከጌሙ እንደማታወጣም ነገረችው፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ግን፦ ቢፍቱ የራሷ ልብ ይኖራታል፤ ለተጫዋቹም እውነቱን ትነግረዋለች።

«ሁሉንም እምቢ ልትል?» አብዲሳ ራሱን ያዘ። «ታዲያ ተጫዋቹ ምን ያገኛል?»

«ቢፍቱን ያገኛል። ጓደኛ ሆና እስከ ጫፍ ታደርሰዋለች።»

«ናኢማ ሙች፣ እሳቱ ዳር ጥሏት ነው የሚወጣው። ማን እምቢ ሊባል ይጫወታል?»

ይህን ይበል እንጂ አብዲሳ ክፉ አይደለም። እያጉረመረመ ሠራው። ለወንድ አንድ መልስ፣ ለሴት ሌላ መልስ፤ ናኢማ ሁለቱንም በተለያየ ቃል ጽፋ ቀዳችው። ከመልሱ በኋላ አብዲሳ ሁለት ቁልፍ አስቀመጠ፦ «እንቀጥል» እና «እንለያይ»።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በናኢማ ስልክ ሊሞክሩት ሱቁ ተሰበሰቡ። ሚፍታ ብስኩት ሊገዛ መጥቶ አያቸውና መጀመሪያ ካልተጫወትኩ ብሎ ሙጭጭ አለ። እንደ ልማዱ ፈረሱን እያጣደፈ እሳቱ ዳር ደረሰ።

«ዘግይተሃል» አለችው ቢፍቱ። «ልቤ ጢቾ ነው ያለው። መንገዱን ግን አሳይሃለሁ፤ ተነስ።»

«እንዴ! እኔን?» ሚፍታ ስልኩን ነቀነቀው፣ ብስኩቱን ረሳው። «አብዲሳ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል።»

«አልተበላሸም። እምቢ ብላህ ነው» አለች ናኢማ። ይህን ማለት እንዴት እንደጣማት! ሚፍታ እየተነጫነጨ «እንቀጥል»ን ተጫነ፤ ፈረሱ ገደል ገባበትና ስልኩን መልሶ ሄደ።

«አልኩሽ» አለ አብዲሳ በሹክሹክታ። «ነገ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሆነው።»

አሁን ተራው የዳናዊት ነው። ዳናዊት አትቸኩልም። ሁለቱንም ፈረሶች ወንዙ ላይ አጠጣች፤ ጉሙ ሲወርድ ቢፍቱን ጠበቀቻት። እሳቱ ዳር ስትደርስ ጣቷ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየና ተጫነችው።

«አልዋሽሽም» አለች ቢፍቱ። «ልቤ የሚያደላው ወደ ወንድ ነው፤ እሱም ጢቾ ይጠብቀኛል። ፈረሴን እንዳንቺ የተንከባከበልኝ ሰው ግን የለም። ይህን መቼም አልረሳውም።»

ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ቁልፎች ይታያሉ። ናኢማ አንገቷን አስግጋ የዳናዊትን ጣት አየች። ከፋት? ትዘጋዋለች? ዳናዊት ከዘጋችውማ ነገ አዳራሹ ውስጥ ማን ይቀጥላል?

«የት ጋ ነው የሚጫነው?» አለች ዳናዊት።

«ምኑ?»

«መጠየቂያው። ጢቾ ያለው ማን እንደሆነ መጠየቂያው የታል?»

ናኢማና አብዲሳ ተያዩ። እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም። እምቢ የተባለ ሰው ይቆጣል ወይም ይሄዳል እንጂ ይጠይቃል ብለው አላሰቡም።

«እንዴት ሳታስቀምጡ?» ዳናዊት ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ቀና አለች። ዓይኗ ናኢማ ላይ ነው። «እኔ እኮ ጓደኛዋ ነኝ። ንገሪኝ እንጂ!»

ናኢማ የተጻፈ ነገር አልነበራትም። የሳሙና ካርቶኑ ላይ ተቀመጠችና አሰበች፤ ከዚያ በቢፍቱ ድምፅ ጀመረች።

«ስሙ ከዲሮ ነው። ፈረስ ያሠለጥናል። ሲያፍር እኔን አያናግረኝም፤ ለፈረሱ ነው የሚነግረው፣ እኔ እንድሰማ...»

ዳናዊት ሳቀች። ክርኗን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ ቀረበች። አብዲሳ ቀስ ብሎ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ መቅጃውን ነካና በሁለቱ መሃል አስቀመጠው።

ናኢማ ቀዩን ምልክት አየችው። ነገ ይህን መምህራኑ ይሰሙታል፤ ሚፍታ ይሰማዋል፤ አባቷም ይሰማዋል። ድምጿን ትንሽ ከፍ አድርጋ ቀጠለች።