የታብራ ቀዳዳ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ዝናቡ እስኪያባራ ወዴትም አንሄድም። አንቺ እዚያ ጥግ ያለሽው፣ ነይ፣ ጋቢው ለሁለት ይበቃል። ተቀመጡና ስለ ደርሶማ መንግሥት ልንገራችሁ።

እኛ በረዶ ስንል ጣሪያ ቆርቁሮ የሚያልፈውን ነው የምናስበው። በደርሶማ ግን በረዶ መጥቶ ይከርማል። ሹራ የሚባለው ሐይቃቸው ከዳር እስከ ዳር ይረጋና እንደ ጥቁር ድንጋይ ይጠጥራል፤ በቅሎ ቢነዱበት፣ ሠርግ ቢደግሱበት አይነቃነቅም። ይህን የረጋ ውኃ ግግር ይሉታል።

ክረምቱን የሚበሉት ከግግሩ ሥር ነው። በድጅኖ ክብ ቀዳዳ ይከፍቱና መንጠቆ ይሰድዳሉ። የሚሹት ጦሬ የተባለውን ዓሣ ነው፤ አካሉ እንደ ጦር የረዘመ፣ አፉ እንደ ዳክዬ የተደፈጠጠ፣ ጥርሱ ግን መጋዝ። ጦሬ በውኃው ሣር መሐል ቆሞ ይጠብቅና እንደ ቀስት ይወረወራል። ያገኘውን መጀመሪያ አግድም ይነክሳል፤ ኋላ ረጋ ብሎ ያዞርና ይውጣል። ስለዚህ ገመዱ ገና እንደተሳበ የሚጎትት አጥማጅ ባዶ መንጠቆ ያወጣል። ዓሣው እስኪያዞር መታገሥ አለበት።

አንድ የማይታለፍ ሕግም ነበራቸው። ቀዳዳ የከፈተ ሰው ትቶት ሲሄድ በአጠገቡ የጥድ ቅርንጫፍ ይተክላል። ቀዳዳው ሲያድር ስስ ቆዳ ያበጃል፤ አመዳይ ይለብሰዋል፤ ጠዋት ከደህናው ግግር አይለይም።

በዚያ አገር ደግሞ ፀደይ በራሱ እግር አይመጣም። በንግሥት ወልማ ግምጃ ቤት ፍም ዕንቁ የሚባል፣ ሲነድ የሚኖር ግን የማያልቅ ድንጋይ አለ። ክረምቱ ሲያከትም አንድ ወጣት ይመረጥና ዕንቁውን በደረቱ ታቅፎ፣ ብቻውን በግግሩ ላይ አቋርጦ፣ በሐይቁ መሐል ወዳለችው ደሴት ያደርሰዋል። ዕንቁው በደሴቲቱ ምድጃ ላይ ሲያርፍ ግግሩ ቀስ በቀስ ይፈታል፤ ምድርም ታረግዛለች።

የዚያ ዓመት ተሸካሚ ዩቃን ነበር፤ የእማማ ሲርና አንድ ልጅ። የሟች አባቱን ሰፊ ጫማ በጭድ ጠቅጥቆ የሚጫማ፣ ሲሄድ የሚያፏጭ፣ ልጃገረድ ስታየው ጆሮው የሚቀላ። ያን ጠዋት ድንገት ጉም ወረደ። ፉጨቱ ከዳር ለቆሙት ይሰማ ነበር። ከዚያ ተቋረጠ። ወዲያው ግግሩ እንደ ታመመ በሬ አቃሰተ፤ ከሥሩም ቀይ ብርሃን ተወርውሮ ወደ ሰሜን ሄደ። ሕዝቡ በግንባሩ ተደፋ።

ግግር አዳማጩ ሽማግሌ ቶልም ጆሯቸውን በበረዶው ላይ አሳረፉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ። «ሐይቁ ተቆጥቷል! የውኃው እናት፣ አሮጊቷ ጦሬ፣ ግግሩን ሰንጥቃ ልጁንም ዕንቁውንም ነጥቃለች። ዕንቁው በሆዷ ይነዳል። እሳት የዋጠ ሆድ ከእንግዲህ ሙቀት እንጂ ሌላ አይርበውም። በዓሣ አትያዝም፤ በሞቀ ነገር ትያዛለች!»

ሁሉም አመነ። አንዲት ልጅ ግን እውነቱን ታውቅ ነበር።

ታብራ ትባላለች። ከደርሶማ ወጣት አጥማጆች የሚስተካከላት አልነበረም። በዋዜማው በሸምበቆው አጠገብ ቀዳዳ ከፍታ፣ ከክንዷ የሚረዝሙ ጦሬዎች እየተከታተሉ ወጡላት። ስትሄድ ቅርንጫፉ በእጇ ነበር። ብተክለው ነገ አገር ድጅኖውን ይዞ ይመጣብኛል ብላ አሰበች። ቅርንጫፉን መልሳ በመንሸራተቻዋ ላይ ጣለች፤ በእግሯም አመዳይ ገፋ ገፋ አድርጋ ቀዳዳውን ሸፈነች። «በማለዳ እመለሳለሁ» አለች ለራሷ። ይኸው ነው። ሰው ሊሞት ይችላል ብላ አላሰበችም።

ጉሙ ሲነሣ ከሕዝቡ ጋር ሮጣ ደረሰች። ሰው ሁሉ የተሰባበረውን ጠርዝ እያየ «ጦሬዋ የሰነጠቀችው ነው» ሲል፣ እሷ የገዛ ድጅኖዋን ጥርስ ምልክት አየች። አፏን ከፈተች። እማማ ሲርና በበረዶው ላይ ተንበርክከው በባዶ እጃቸው ውኃውን ይቀዝፉ ነበር። አፏን መልሳ ዘጋች።

ንግሥቲቱ ማንን እንዳስጠሩ ታውቃላችሁ? ታብራን! በሹማምንቱ ፊት አቆሟትና እንዲህ አሉ። «ልጄ ሆይ፣ ጎተራችን ተሟጧል፤ ፀደይ ካልመጣ ሕፃናቱ ይረግፋሉ። ከሕዝቤ መካከል እጅሽ የተባረከ ነው። አሮጊቷን ጦሬ አውጪልን። በማን ስም ትምያለሽ?»

ታብራ አንገቷን ደፋች። ሹማምንቱ ትሕትና መሰላቸው። «በ... በዩቃን ስም እምላለሁ» አለች። «ዕንቁውን ሳልይዝ ብመለስ ውኃው ይዋጠኝ።» አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እማማ ሲርና ከሕዝቡ መሐል ወጥተው አንገቷን አቀፏት። «አብሬሽ እሄዳለሁ። ልጄን የበላችውን በዓይኔ ልያት» አሏት። ታብራ ያ እቅፍ ከድጅኖ ይልቅ ከበዳት።

ሦስት ሆነው ወጡ፤ ሦስተኛው ኦርሻ ነው፣ ግግር ቆራጩ፣ በር ሲገባ በጎኑ የሚገባ ግዙፍ ሰው። መንሸራተቻውን እየጎተተ ሆዱን መታ መታ አደረገ።

«ታብሪ፣ የሞቀ ነገር ነው አይደል የምትወደው? እኔን አሳይተሽ ጥሪያት እንጂ!»

«አንተን ከዋጠች አይቀር ጭልፋም እንውሰድላት» አሉ እማማ ሲርና። ከልጃቸው ሞት ወዲህ ቀልድ ከአፋቸው ሲወጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

«እማማ ደግሞ! እኔ እኮ አጥንቴ ነው የከበደው።»

«አጥንትህንስ አላየሁም። ወዴት ደብቀኸው ነው?»

ታብራ ሳትስቅ ፊቷን አዞረች። እማማ ሲርና ይህን አይተው ከጉያቸው የደረቀ ሥጋ አወጡ። «ብዪ እንጂ ልጄ። ስለ ዩቃን እንደምታዝኚ አይቻለሁ። አንቺን የመሰለ ጓደኛ መኖሩን ሳላውቅ!» ታብራ ሥጋውን አኘከች፤ እንደ አሸዋ ነበር።

በግግሩ መሐል ጉምቴዎች ይኖራሉ። አካል የላቸውም፤ ድምፅ ብቻ ናቸው። የሞተውን ሰው ድምፅ ያወጡና የመለሰላቸውን መንገደኛ አሳስተው ወደ ስስ በረዶ ይነዱታል። ሦስቱ ወደ ጉሙ በገቡ ጊዜ ፉጨት ተሰማ። የዩቃን ፉጨት። ያው ዜማ፣ መጨረሻው ላይ ሰበር የምትለዋ ሳትቀር።

እማማ ሲርና ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ወደ ፉጨቱ ሮጡ።

ታብራ ዘላ መቀነታቸውን ያዘች። «እማማ! አይመልሱ! እሱ አይደለም!»

«ልቀቂኝ፤ ልጄ ነው! በርዶታል!»

በዚያች ቅጽበት ፉጨቱ ቆመና በታብራ ጆሮ ሥር አንድ ለስላሳ ድምፅ ተናገረ። «ታብራ፣ ለምን አልተከልሽውም?» መልሱ በምላሷ ላይ ነበር። ጥርሷን ነክሳ ያዘችው። ኦርሻ ሁኔታው ቢገባው አፉን ከፍቶ፣ በሠርግ ቤት የሰከሩ ሚዜዎች እንኳ አፍረው የሚተዉትን አንድ ዘፈን ያስተጋባው ጀመር። እንዴት ያለ ድምፅ መሰላችሁ! ጉምቴዎቹም አላስቻላቸውም፤ ጉሙ ተበተነ።

እማማ ሲርና በበረዶው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ኋላ የታብራን እጅ ሳሙት። «ዛሬ አንቺ ባትኖሪ ሄጄ ነበር። ይህች እጅ ትባረክ።»

ታብራ እጇን ነጠቀች። «አይሳሟት፣ እባክዎ!» አለች። አፈረች ብለው ተዉአት።

አሮጊቷ ጦሬ ጥቁር ጉሮሮ በሚባለው በሐይቁ ጥልቅ ቦታ፣ ከደሴቲቱ ማዶ ነበረች። ኦርሻ ሰፊ ቀዳዳ ፈነቀለ። ከሥር ቀይ ብርሃን ሲሄድ ሲመለስ ይታያል። የጋለ ሥጋ ሰደዱላት፤ ሳይወርድ ቀዘቀዘ። የጋለ ድንጋይም ሰደዱላት፤ ቀረብ ብላ አሽትታ ተመለሰች። በውኃው ውስጥ ሙቀቱን ይዞ የሚቆይ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደም ያለው።

እማማ ሲርና እጅጌያቸውን መጠቅለል ጀመሩ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አለ ኦርሻ።

«መንጠቆውን በእጄ ላይ እሰሩልኝ። አርጅቻለሁ። ይህ ክንድ ያቀፈውን አቅፏል፤ የቀረው የለም።»

ታብራ በቀዳዳውና በእሳቸው መካከል ቆመች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

«እማማ፣ ጦሬዋ ግግሩን አልሰነጠቀችም።»

«ምን?»

«ቀዳዳው የእኔ ነበር። ቅርንጫፍ አልተከልኩበትም። ዓሣው እንዳይወሰድብኝ ብዬ ደበቅኩት። ዩቃን የሞተው በእኔ ነው።»

ኦርሻ ድጅኖውን ጣለ። እማማ ሲርና ልጅቷን ቀና ብለው አዩአት።

«ቅርንጫፉ አልነበረሽም?»

ማምለጫ እየሰጧት ይሁን፣ የምር ይጠይቁ ይሁን አላወቀችም። «በእጄ ነበር» አለች።

«በመንገድ ሁሉ... እያጎረስኩሽ... ይህን ይዘሽ ነበር?»

«አዎ።»

እጅጌያቸውን ቀስ ብለው መልሰው ዘረጉ። «እንግዲያስ ተኚ። ገመዱን እኔ እይዛለሁ።»

ኦርሻ በመሐል ገባ። «እማማ ሲርና፣ ገመዱን ለእኔ...»

«እኔ እይዛለሁ አልኩህ። አንተ እግሯን ያዝ።»

ኦርሻ ታብራን አያት። «ይያዙት» አለች። በበረዶው ላይ በደረቷ ተኛች። መንጠቆው በመዳፏ ላይ፣ መንጠቆውን ከገመዱ የሚያያይዘው የብረት ሽቦም በአንጓዋ ላይ ታሰረ። ቀኝ ክንዷን እስከ ትከሻዋ በጥቁሩ ውኃ ውስጥ ሰደደችው።

ቀዩ ብርሃን ቆመ። ከዚያ መጣ።

መንጋጋው ክንዷን አግድም ሲይዘው የታብራ ጩኸት በግግሩ ላይ አስተጋባ። ኦርሻ በሁለት እግሯ ላይ ተንጠለጠለ። «እማማ ይሳቡ! ትሞታለች!»

«ገና ነው።»

«ሊበቀሏት ነው እንዴ? ስለ ፈጣሪ!»

«ገና አላዞረችም!» የእማማ ሲርና ፊት በእንባ ታጥቧል፤ ጣታቸው ግን በገመዱ ላይ እንደ አጥማጅ ጣት ቀለል ብሎ ያዳምጣል። «አሁን ብስብ እጇም በከንቱ ይሄዳል፣ ዓሣዋም ታመልጣለች። ታገሺ አንቺ ልጅ። ታገሺ... ታገሺ...»

ጦሬዋ ለአንድ እስትንፋስ መንጋጋዋን ላላ አደረገች። አዞረች። መዳፉን ከነመንጠቆው ወደ ጉሮሮዋ ስባ ጥርሷን ገጠመች።

«አሁን!»

ኦርሻ ታብራን ወደ ኋላ ወረወራት፤ ዘሎም ገመዱን ከእማማ ሲርና ጋር ያዘ። ጠርዙን እየሰባበረች አሮጊቷ ጦሬ ወጣች፤ ከታንኳ የምትረዝም፣ ገላዋ በጠባሳ የተሞላ፣ ቅርፊቷ ከውስጥ እንደ ፋኖስ የሚያበራ። ጭራዋን መታ መታ አድርጋ ጸጥ አለች። ኦርሻ ሆዷን ቀዶ ዕንቁውን አወጣ። የታብራ ቀኝ እጅ ግን ከአንጓው በታች አልነበረም፤ ደሟ አመዳዩን አቅልጦ ይወርዳል።

እማማ ሲርና ዕንቁውን ተቀበሉትና አጠገቧ ተንበረከኩ። «ደህና ገላን ያሞቃል፤ ቁስልን ግን ያቃጥላል። አትጩኺ አልልሽም» አሉና ፍሙን በቁስሉ ላይ አሳረፉት። ደሙ ቆመ። ከዚያ ተነሥተው ዕንቁውን በደረታቸው አቀፉ። «ልጄ የጀመረውን መንገድ እኔ እጨርሰዋለሁ» አሉ፤ ወደ ደሴቲቱም ሄዱ፤ ወደ ኋላ ግን አላዩም።

ፀደይ መጣ። ውኃው ተፈታ፤ ሕፃናቱ ተረፉ። ንግሥት ወልማ በአዳራሹ ሊደፉላት የብር አክሊል አነሡ፤ ታብራ ግን በሕዝቡ ሁሉ ፊት የሆነውን አንድ ሳታስቀር ተናገረች። አክሊሉ በንግሥቲቱ እጅ ቀረ። ከዚያም ፈረዱ። «ሕዝቤን አድነሻል፤ ስለዚህ በሕይወት ትኖሪያለሽ። ልጃችንን ገድለሻል፤ ስለዚህ ዳግመኛ በግግሩ ላይ አትቆሚም።» ታብራ መሬት ስማ ወጣች። ፍርዱ ከበዳት ብላችሁ አታስቡ፤ ይልቅ አልበቃት ብሎ ነው የወጣችው።

ከዚያ በኋላ እማማ ሲርና በየማለዳው የሐይቁን ዳር ይዘው መሄድ ጀመሩ፤ የቀለጠው ውኃ የዩቃንን አስከሬን ይመልስ እንደሆነ ለማየት። ታብራም ራቅ ብላ ከኋላቸው ትከተላለች። ሂጂም አላሏት፣ ነዪም አላሏት። አንድ ማለዳ በአንድ ጠባብ ሰርጥ ውስጥ አገኙት፤ እንደተኛ ልጅ በጎኑ ሆኖ። እማማ ሲርና ነጠላቸውን አውልቀው ከፈኑት። ሊያነሡት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ቆሙ። ከዚያ ሳይዞሩ «በእግሩ በኩል ያዢ» አሉ።

ታብራ በአንድ እጇና በጉንድሽ ክንዷ አቅፋ ያዘች። ሁለቱ ሴቶች ዩቃንን ተሸክመው፣ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ፣ እየቆሙ እያረፉ ወደ መንደር ወጡ።

ይቅር አሏት ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም ልጆቼ። የነገሩኝም አላወቁም። በደርሶማ የሚዘፍኑት ስለ ጦሬዋና ስለ ታብራ እጅ ነው። ታብራ ራሷ ግን ያ ዘፈን ሲነሣ ከቤት ትወጣ ነበር አሉ። እናንተም ይህን ታሪክ ነገ ለሌላ ስትነግሩ ስለ ዓሣዋ መናገራችሁ አይቀርም፤ እሷ ደስ ትላለች። ብቻ አደራችሁን፣ እያፏጨ የሄደውን ያንን ልጅ አስታውሱልኝ። ዩቃን ነው ስሙ።